ባሮ ላይ የቀረችው ጀልባ

መርከቧን ያየኋት ካርቱም ሳለሁ፣ በአንድ ዓርብ ከሰዓት ነው። ዓርብ ዓርብ ካርቱም ጭር ይላል፤ ሱቁ ዝግ፣ መንገዱ ባዶ፣ ሥራ ላይ ያለው ሙቀቱ ብቻ ነው። አብሮኝ ይኖር የነበረው የጎንደር ልጅ «ተነስ፣ የምኒልክን መርከብ ላሳይህ» አለኝ። ሳቅኩበት። ምኒልክ ስልክ አስገብቷል፣ ባቡር አስገብቷል፣ መኪና አስገብቷል፤ መርከብ ግን የት ሊያንሳፍፈው? «ዝም ብለህ ና» አለኝ። ሄድን።

ናይል ጎዳና ላይ፣ አባይ ዳር፣ የጀልባ ስፖርት ክለብ ነበር። ግቢው ውስጥ ረጅም የብረት መርከብ ቆማለች፤ ውሃ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ። ዘበኛው አዛውንት ሱዳናዊ ናቸው። ሻያቸውን እንደያዙ «ሐበሺ?» አሉን ፈገግ ብለው። በተሰባበረ ዓረብኛዬ የመርከቧን ስም ጠየቅኳቸው። «መሊክ» አሉ። ጓደኛዬ በክርኑ ጎሰመኝ፤ «አላልኩህም?»

መሊክ በዓረብኛ ንጉሥ ማለት ነው። ጓደኛዬ የሰማው ልክ ነበር፣ የገባው ግን ሌላ። ከአጼ ምኒልክ ጋር የሚያገናኛት ስሟ አይደለም። የሚያገናኛት ሌላ ነገር እንዳለ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ጋምቤላ ሄጄ ባሮ ዳር ስቆም ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ታሪኩ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጉድ ስለሚበዛበት በእነሱ መቁጠሩ ይቀላል።)

መጀመሪያ መሊክን ላስተዋውቃችሁ። የተሠራችው ለንደን አጠገብ፣ ቺዝዊክ በሚባል ሠፈር፣ ቶርኒክሮፍት በተባለ የመርከብ ፋብሪካ ነው። ሱልጣንና ሼኽ የሚባሉ ሁለት እህቶች ነበሯት። ለባሕር አልተሠራችም፤ ለወንዝ ነው። ርዝመቷ 44 ሜትር ያህል ሆኖ ውሃ ውስጥ የሚገባው የሆዷ ክፍል ግን 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቁጥሩን ሳነብ ዝም ብዬ አልፌው ነበር፤ በኋላ ተመልሼ ደግሜ አነበብኩት። 60 ሴንቲ ሜትር ማለት ከጉልበት ትንሽ ከፍ ያለ ውሃ ነው። ልጅ እየተንቦጫረቀ በሚሻገረው ወንዝ ላይ መድፍና መትረየስ ተጭኖ ይሄዳል ማለት ነው። ከእንግሊዝ ተፈታትታ መጣች፤ በመርከብ ግብፅ ደረሰች፤ ከዚያ የእንግሊዙ ጄኔራል ኪችነር በበረሃው ላይ በዘረጋው የባቡር ሐዲድ ተጭና ሱዳን ገባች። በርበር ከምትባለው ከተማ አጠገብ እንደገና ተገጣጠመች።

የተሠራችበት ቀን መስከረም 2 ቀን 1898 ደረሰ። ከኦምዱርማን ወጣ ብሎ በሚገኘው ሜዳ ላይ የኸሊፋ አብዱላሂ ጦር ከኪችነር ጦር ጋር ገጠመ። የእኛ ሰው ይህን የማህዲስት ጦር በደንብ ያውቀዋል፤ ጎንደርን ያቃጠለ፣ አጼ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁበት ጦር ነው። በዚያ ዕለት ከሱዳኖቹ ወገን ከ10 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ከኪችነር ወገን የሞቱት 50 አይሞሉም። የመሊክና የጓደኞቿ መትረየስ ከወንዙ ላይ ሆኖ ያጭድ ነበር። መሊክን ያዝዝ የነበረው መኮንን ደግሞ 13 ዓመት ቀደም ብሎ ካርቱም ውስጥ የተገደለው የጄኔራል ጎርደን የወንድም ልጅ ነው። ለበቀል የመጣ ዘመድ ይመስላል፤ ነውም።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ መሊክ አረጀች። ከ1926 ጀምሮ የጀልባው ክለብ ቤት ሆነች፤ የክለቡ አባላት ሻይ የሚጠጡባት፣ ዕቃ የሚያስቀምጡባት። በ1939 በወጣ አንድ የእንግሊዝ ፊልም ላይ ራሷን ሆና ተውናለች። ሙዚየም የሚል ታፔላ አልነበራትም፤ ያየኋት ዝገት ስትበላ ነው። ቢሆንም መሰላሏን ወጥተን ወለሏ ላይ ቆመን አባይን አየን። የእኛን አባይ። ዘበኛውን «ይቺ መርከብ አያቶቻችሁን የፈጀች አይደለችም እንዴ? ለምን ትጠብቋታላችሁ?» አልኳቸው። ትከሻቸውን ሰበቁና «መርከብ ናት፤ ምን ታድርግ» አሉ። ሻይ ቀዱልን።

በነገራችን ላይ ሌላው ዓለም የጦር መርከቡን እንዲህ አይዝም። እንግሊዞች ኔልሰን በ1805 ትራፋልጋር ላይ የሞተባትን ቪክቶሪን፣ የሸራ መርከብ ናት፣ ፖርትስመዝ ላይ ከውሃ አውጥተው እንደ ታቦት ነው የሚጠብቋት። ስዊድኖች ቫሳ የምትባል መርከብ በ1628 ገና በመጀመሪያ ጉዞዋ ከወደብ ሳትርቅ ሰጠመችባቸው፤ ከ333 ዓመት በኋላ አውጥተው ቤት ሠሩላት። የሰጠመ ውርደታቸውን ቲኬት ቆርጠው ያሳያሉ፤ ይህን ነገር ሁልጊዜ አደንቃለሁ። እኛም እኮ አንድ ነበረችን። «ኢትዮጵያ» የምትባለው የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ ከአሜሪካ የመጣችው በ1962 ነው፤ ጃንሆይ ምጽዋ ላይ ሰልፍ የሚያዩባት፣ ካዴቶች የሚሠለጥኑባት። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች። በ1993 እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ዛሬ የማን ቤት በር እንደሆነች እንጃ።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ።

መሊክ ኦምዱርማን ላይ ከመተኮሷ ሁለት ወር ከምናምን ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 22 ቀን 1898፣ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ነጭ አባይ ዳር ተተክሏል። ይህን ትምህርት ቤት አልተማርኩትም። የታሪክ መጽሐፌ ዓድዋን ጨርሶ በቀጥታ ወደ ባቡር ሐዲዱ ነው የዘለለው። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ አጼ ምኒልክ በ1891 ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉት ደብዳቤ የግዛቴ ወሰን ወደ ምዕራብ እስከ ካርቱም ነው ብለው ነበር። ከዓድዋ በኋላ ይህን የሚሰማ ጆሮ ተገኘ። ፈረንሳዮች እንግሊዝን ከነጭ አባይ ላይ መቁረጥ ፈልገዋል፤ ከምዕራብ በኩል ሻምበል ማርሻን የሚባል መኮንናቸውን ከኮንጎ ወደ ፋሾዳ ላኩ። ከምሥራቅ ደግሞ ከኢትዮጵያ በኩል የሚሄድ ሌላ ቡድን እንዲቀበለው አሰቡ። መጋቢት 1897 ላይ ከምኒልክ ጋር ስለ ነጭ አባይ ውል ተፈራረሙ። ምኒልክ ግን ከፈረንሳይም፣ ከእንግሊዝም፣ ከኸሊፋውም ጋር በአንድ ጊዜ ወዳጅ ነበሩ። አንዱን ሌላው እንዳይሰማው እያደረጉ ነው የሚጫወቱት፤ እኔ በበኩሌ ይህን ሳነብ ከዓድዋ ያላነሰ ያስደንቀኛል።

ከምሥራቅ የወጣው የመጀመሪያው ቡድን የፈረንሳዩ ደ ቦንሻን ነበር። ከጎሬ ቁልቁል ወርደው የባሮን መስመር ተከትለው በሶባት በኩል ገፉ። በ1897 መጨረሻ ላይ ነጭ አባይ ሊደርሱ ብዙ ሳይቀራቸው ተመለሱ። ስንቅ አልቋል፣ ሰዉና በቅሎው በበሽታ ረግፏል፣ ከፊታቸው ያለው ደግሞ ረግረግ ነው። ጀልባ አልነበራቸውም። ጀልባ ቢኖራቸው ኖሮ ወንዙ ራሱ ያደርሳቸው ነበር።

ቀጥሎ የወጣው የኢሉባቦሩ ገዥ ደጃዝማች ተሰማ ናደው ነው፤ በኋላ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት የሆነው ራስ ቢትወደድ ተሰማ። በሺዎች የሚቆጠር ጦር ይዞ ከጎሬ ወረደ። ጎሬ ደጋ ነው፤ ብርድ፣ ጭጋግ፣ ማር። ባሮ ሜዳው ላይ ሲደርስ ከፍታው ወደ 500 ሜትር ይወርዳል፤ ሙቀት፣ ትንኝ፣ ወባ። ደገኛው ጦር እንደ ቅጠል ረገፈ። አብረውት የሩሲያው ኮሎኔል አርታሞኖቭና ከደ ቦንሻን ቡድን የተረፉ ሁለት ፈረንጆች ነበሩ። ከጦሩ ተመርጠው የተላኩት ሰዎች ሰኔ 22 ቀን ሶባት ከነጭ አባይ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደረሱ። የኢትዮጵያን ባንዲራ በወንዙ በስተቀኝ ተከሉ። የፈረንሳዩን ማዶ ለመትከል መሻገር ያስፈልጋል። መሻገሪያ የለም። አርታሞኖቭ ከሁለት ኮሳኮቹ ጋር አዞ የሞላበት ውሃ ውስጥ ዘሎ ገብቶ ዋኘ።

እስቲ አስቡት። አንድ መንግሥት የግዛቱን ወሰን ሊያስከብር ከአዲስ አበባ እስከ ነጭ አባይ መጥቶ፣ የመጨረሻዋን ሁለት መቶ ሦስት መቶ ሜትር ለመሻገር አንድ ሩሲያዊ ኮሎኔል ልብሱን አውልቆ መዋኘት ነበረበት።

የሚጠብቁት ማርሻን አልመጣም። ወባው ጊዜ አይሰጥም፤ ባንዲራውን ትተው ተመለሱ። ማርሻን ፋሾዳ የደረሰው ሐምሌ 10 ቀን ነው። አሥራ ስምንት ቀን ዘግይቶ። ፋሾዳ ደግሞ ከዚያ ቦታ ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ማርሻንን ምን አዘገየው? ጀልባ። ይዟት የመጣው ጀልባ። ፌዴርብ የምትባል ትንሽ የእንፋሎት ጀልባ ነበረችው። የኮንጎን ወንዞች ጨርሰው ወደ አባይ ተፋሰስ ለመሻገር ደረቅ ምድር ነው፤ ስለዚህ ፈታቷት። ቅርፏን በሰው ትከሻ ተሸከሙ። ቦይለሯን ግን ማን ይሸከማል? ጫካ መንጥረው መንገድ አወጡ፤ ግንድ እየደረደሩ በግንዱ ላይ እያንከባለሉ አሻገሯት። ማርሻን አብረውት የነበሩት ፈረንሳዮች ከአሥራ ሁለት አይበልጡም፤ የቀሩት 150 ገደማ ምዕራብ አፍሪካውያን ወታደሮችና ተገድደው የተያዙ ተሸካሚዎች ናቸው። ቦይለሩን ያንከባለለው ማን እንደሆነ ገምቱ። ከዚያ ደግሞ ሌላኛው ጎን ያለው ወንዝ በጋ ሆኖ ደረቀና ወራት ሙሉ ዝናብ ሲጠብቁ ከረሙ። ማርሻን ራሱ ቀድሞ በትናንሽ ጀልባ ፋሾዳ ሲገባ፣ ፌዴርብ የደረሰችው ነሐሴ 29 ነው።

ሦስት ሳምንት አልቆየም። ኪችነር ከኦምዱርማን ድሉ በአምስት የእንፋሎት ጀልባዎች ሽቅብ መጥቶ መስከረም 19 ቀን ፋሾዳ ደረሰ። ከአምስቱ አንዷ የመሊክ እህት፣ ሱልጣን ናት። ኪችነር ከማርሻን ጋር በጨዋነት ተነጋገረ፤ ውስኪ ጠጡ ይባላል። ከዚያ ግን እዚያው አልቆመም፤ ሽቅብ ቀጥሎ ሶባት አፍ ላይ የጦር ሠፈር አቆመ። ከሦስት ወር በፊት የኢትዮጵያ ባንዲራ የተተከለበት ቦታ ማለት ነው። በእግር የመጣው ተመልሷል፤ በጀልባ የመጣው ቀረ።

ፓሪስና ለንደን ለጦርነት ጥቂት ቀርቷቸው ፈረንሳይ አፈገፈገች። እንግሊዞች ለማርሻን «በካይሮ በኩል በምቾት እንሸኝህ» አሉት። እምቢ አለ፤ በጠላት መርከብ ተጭኖ መሄድን እንደ ውርደት ቆጠረው። ታኅሣሥ 11 ቀን ሰዎቹን ፌዴርብና ሌሎች ጀልባዎቹ ላይ ጭኖ በሶባት ገባ፤ ከሶባት ወደ ባሮ። በጋ ነው፣ ውሃው እየጎደለ ነው። ባሮ ሽቅብ አላስኬድ ሲል ግማሽ አፍሪካን በትከሻ ተጉዛ የመጣችውን ጀልባ እዚያው ትተዋት በእግር ወደ ጎሬ ወጡ። መጋቢት ላይ አዲስ አበባ ገቡ፤ ምኒልክ በክብር ተቀበሏቸው። ግንቦት ላይ ጅቡቲ ደረሱ። ፓሪስ እንደ ጀግና ነው ያነሳቸው። ፌዴርብን ማንም አላነሳትም።

ጋምቤላ የሄድኩት ለሌላ ሥራ ነው፤ ጊዜውም በጋ ነበር። ካርቱም ውስጥ ጦርነቱ ሚያዝያ 2023 ከተነሳ በኋላ ያን የጎንደር ልጅ በስልክ አግኝቼው ነበር፤ በመተማ በኩል ወጥቷል። «የምኒልክ መርከብስ?» አልኩት። «እብድ ነህ እንዴ፣ እኔ ነፍሴን ይዤ ነው የሮጥኩት» አለኝ። ልክ ነው። ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ጋምቤላ ስደርስ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ ፌዴርብ ነው።

የሆቴሉ ልጅ አልሰማም። ባጃጅ ነጂው አልሰማም። አንድ መምህር «የፈረንሳይ? እዚህ የነበሩት እንግሊዞችና ግሪኮች ናቸው» አለኝ፤ እሱም ልክ ነው። ወደ ወንዙ ወረድኩ። ባሮን በክረምት ያየ ሰው በበጋ ቢያየው አያምንም፤ ክረምት ላይ ድልድዩን የሚያስፈራ ውሃ፣ በበጋ አሸዋው ወጥቶ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ከአንድ ግንድ የተቦረቦሩ ታንኳዎች ዳር ላይ ተገልብጠዋል። እዚያ ቆሜ ነው ያ የ60 ሴንቲ ሜትር ቁጥር ትዝ ያለኝ።

ዛፍ ሥር መረብ የሚጠግኑ የአኙዋ ሽማግሌ ነበሩ። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል ማለት ይቻላል፤ የቀድሞ አስተማሪ ናቸው። «ጋሼ፣ ድሮ ፈረንሳዮች ጥለዋት የሄዱት ጀልባ ነበረች፣ ሰምተው ያውቃሉ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። «እንግሊዝ ነው የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ፤ አንተ ደግሞ ፈረንሳይ አመጣህ?» አሉ። ታሪኩን ነገርኳቸው፤ ተሰማን፣ ባንዲራውን፣ ማርሻንን። የተሰማ ጦር ነጭ አባይ መድረሱን ስነግራቸው ትንሽ በኩራት ነበር፤ አልዋሽም። መረባቸውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ እነዚህ ሁሉ ያለፉት በእኛ ሰፈር ነው አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኩ። «ታዲያ ስንቃቸው ከየት መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። በሺዎች የሚቆጠር ጦር ባሮን ተከትሎ ሲወርድ ምን በላ? ያነበብኳቸው መጽሐፎች የጦሩን በሽታ ይቆጥራሉ፣ የኮሎኔሉን ዋና ይተርካሉ። የማን ማሽላ እንደተበላ፣ የማን ከብት እንደተነዳ፣ የማን ታንኳ እንደተወሰደ አይናገሩም። እኔም እስከዚያ ቀን አልጠየቅኩም። «በእግር የመጣው» እያልኩ ሳዝንለት የነበረው ጦር ለእሳቸው አያቶች ከላይ የመጣ ጦር ነው፤ በጀልባ የመጣው ደግሞ ከታች የመጣ ጦር። ወንዙን እኛ ባሮ እንለዋለን፤ አኙዋዎች ኦፔኖ ይሉታል። ለካስ እኔ እስከዚያ ድረስ የማወራው ስለ ባሮ ብቻ ነበር።

ከፋሾዳ በኋላ የሆነው በወረቀት ነው ያለቀው። የእንግሊዝ ቀያሾች በሶባት በኩል ሽቅብ መጡ፤ ሻለቃ ኦስቲን አንዱ ነው። ግንቦት 15 ቀን 1902 አዲስ አበባ ላይ ውል ተፈረመ። የእኔ ትውልድ ይህን ውል የሚያውቀው በሕዳሴው ግድብ ምክንያት ነው፤ ምኒልክ በአባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠሩ የሚለው አንቀጽ 3። ሶባት ሲባል ማንም ልብ አይለውም፤ የሶባት ዋና ገባር እኮ ባሮ ነው። ድንበሩም ወንዞቹን ተከትሎ ተሰመረ፤ ባሮ፣ ፒቦር፣ አኮቦ። ለቀያሽ ወንዝ ጥሩ መስመር ነው። ለአኙዋና ለኑዌር ወንዝ መሐል ቤት ነው፤ ከብት ውሃ የሚጠጣበት፣ ዓሣ የሚጠመድበት፣ ዘመድ ማዶ የሚኖርበት። መስመሩ ዘመድን ለሁለት ከፈለ።

ጋምቤላን የፈጠራት ደግሞ አንቀጽ 4 ነው። ኢታንግ አጠገብ የወንዝ ዳር መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ ይሰጥ ይላል፤ የወንዙ ዳር ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ። ለንግድ ብቻ፤ ለፖለቲካም ለጦርም እንዳይውል። ቦታው በኋላ ከኢታንግ ከፍ ብሎ ጋምቤላ ላይ ሆነ፤ 1904 ላይ ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር ከካርቱም የእንፋሎት መርከቦች ጀልባ እየጎተቱ ይመጣሉ፤ ጨውና ጨርቅ ያራግፋሉ፣ ከጎሬ በበቅሎና በሰው ጀርባ የወረደ ቡና ይጭናሉ። ግሪኮች ሱቅ ከፈቱ። ውሃው ሲጎድል መርከቡ ይጠፋል፤ ከተማዋ እስከሚቀጥለው ክረምት ትተኛለች። ዛሬ ጋምቤላን ከአዲስ አበባ በአውቶብስ 700 ከምናምን ኪሎ ሜትር ተጉዘን «ዳር አገር» እንላታለን፤ ያኔ ግን የምዕራብ ኢትዮጵያ ዋና በር ነበረች።

ለጦር እንዳይውል የሚለውን ቃል በተመለከተ፦ ቡናው በሚወርድበት መንገድ ጠመንጃም ይዞር ነበር። የአኙዋው ባላባት አክዌይ ዋ ቻም በዝሆን ጥርስ ጠመንጃ እየለወጠ ሰዎቹን አስታጠቀ። በ1912 እንግሊዞች ሊቀጡት ጦር ላኩ፤ አዶንጋ ላይ አኙዋዎች ክፉኛ መቷቸው፣ መኮንኖች ሳይቀሩ ወደቁ። እንግሊዝ አሸነፍኩ ብላ ሪፖርት ጻፈች። ስለ መሊክ የተጻፈው ብዙ ነው፤ አዶንጋ ላይ ቆሞ መርከብ የማይደርስበት ቦታ ላይ ስለጠበቃቸው ሰው ግን በአማርኛ አንድ ገጽ ፈልጌ አላገኘሁም።

የቀረው አጭር ነው። ጣልያን ኢትዮጵያን ስትይዝ ጋምቤላ ላይ ያቺ 400 ሄክታር የእንግሊዝ ሆና ቀረች፤ ጣልያን ጦርነት ስታውጅ በ1940 ያዘቻት፤ በ1941 እንግሊዝ መለሰቻት፤ ከኮንጎ የመጡ የቤልጂግ ጥቁር ወታደሮችም በዚያው በወንዙ በኩል መጥተው ወደ ደምቢዶሎ ወጡ። ውሉ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነው ይላልና ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ ኪራዩ አበቃ። ጋምቤላ በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

ከሽማግሌው ጋር እስኪመሽ ተቀመጥን። «እዚህ ሙዚየም ቢሠራ ያቺን የፈረንሳይ ጀልባ ብናገኛት ያስቀምጧታል?» አልኳቸው። ካርቱም ያለችውን መሊክንም ነገርኳቸው፤ የገደለቻቸውን መርከብ ሻይ እየጠጡ እንደሚጠብቋት። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ይቀመጥ፤ ለምን አይቀመጥም» አሉ በመጨረሻ። «አጠገቡ ግን የእኛም ታንኳ ይቀመጥ። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? የእነሱ ውሃ ሲጎድል ቆመ፤ የእኛ በበጋም ይሄዳል።» ከዚያ ሳቁ፤ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር አልገባኝም።

በማግስቱ ጠዋት ማዶ ለመሻገር ወረድኩ። አንድ ወጣት በተቆረጠ ጀሪካን ከታንኳው ውስጥ ውሃ እየቀዳ ያፈሳል። ድልድዩ ከላይ ቅርብ ነው፤ ታንኳ አያስፈልገኝም ነበር። «ስንት ነው?» አልኩት። ዋጋውን ነገረኝ፣ ትንሽ አበዛው። «ተቀመጥ፣ መሐል ላይ፤ ጎን ላይ አትደገፍ» አለኝ። ተቀመጥኩ። ታንኳዋ ውሃው ውስጥ ምን ያህል እንደገባች በእጄ ለካሁ፤ አንድ ስንዝር አይሞላም። ልጁ በረጅም እንጨት አሸዋውን ገፋ አደረገና ወጣን።